ሳያሳይ ሒሳብ አይቀበልም ነበር

ሐሙስ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ እኔ ወይዘሮ ፋንታነሽን ሆኜ ዋልኩ። ወይዘሮ ፋንታነሽ እንጅባራ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያና ማቆሚያ ግቢ ባለቤት ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ በማግሥቱ እዚያ ድረስ ሄዶ ሊያነጋግራቸው ስለነበር ንግግሩን በእኔ ላይ ይለማመድ ነበር።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ይለኛል፣ የቻርጅ ማድረጊያውን ገመድ አፍ በጨርቅ እየጠረገ።

«ደህና። ምን ፈልገህ መጣህ?» እላለሁ ድምፄን አቅጥኜ።

«እሳቸው እንዲህ አይጮሁም።»

«እኔ ግን እጮኻለሁ። ተናገር፤ ሥራ አለብኝ!»

«እመቤቴ… ማለቴ…» ይልና በሳቅ ይፈርሳል። «አንተን ሳይ ይጠፋብኛል። እስቲ ፊትህን አዙር።»

ፊቴን ወደ ቀርከሃው አጥር አዞርኩለትና ለጀርባዬ ይነግረኝ ጀመር። በመንገዱ የሚያልፍ ባለባጃጅ አንገቱን አወጣ። «አንተ ይሁኔ፣ ልጁ ምን አጥፍቶ ነው አጥር የምታሳየው?»

«አለቃዬ ነው፤ አኩርፎኝ ነው» አለ ይሁኔ።

ጉዳዩ ይህ ነበር። ወይዘሮ ፋንታነሽ ከሰኞ ጀምሮ መግቢያው ላይ የሚወርድና የሚነሳ በር ሊያስተክሉ፣ ማሽኑንም አስቀድሞ በስልክ ላልከፈለ ሰው መብራት እንዳይሰጥ ሊያስደርጉ ነበር። በእኛ ግቢ ግን መኪናው መጀመሪያ ቻርጅ ይደረጋል፣ ቀጥሎ ባለቤቱ መኪናውን ዞሮ ያያል፣ ሒሳብ የምንቀበለው በመጨረሻ ነው። ይሁኔ ይህ እንዳይቀር ሊለምን ነበር። እንጀራችንም እዚያው ላይ ነበር፤ በሩ ከተተከለ ለሁለታችን የሚሆን ሥራ አይኖርም። እሱ ግን ስለ እንጀራው በንግግሩ ውስጥ አላስገባም። «ያንን ካነሳሁ ለሆዴ የመጣሁ ይመስላቸዋል» አለኝ።

ዝናብ ነበር። መኪና ብዙ አልመጣም። ቀን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ሲመሽ ነጭ ሸሚዙን አጥፎ ከፍራሹ ሥር አደረገና እንዲተኮስለት ላዩ ላይ ተኛበት።

ያ የመጨረሻው ደህና ቀናችን ነበር።

ይህን የምጽፈው አሁን ሥራውን ልለቅ ስለሆነ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ልማር ወደ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። የምትተካኝ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት። ሥራው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ቁጭ ብዬ ልነግራት ሞከርኩ። የማሽኑን ነገርኳት፣ የገመዱን ነገርኳት። ወንድሜ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻለኛል አልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ አላውቅም። የማውቀው ሥራውን ነው።

ይሁኔ ሥራ የጀመረው በፈረስ ነው። በገበያ ቀን ከዘንገና ወገንና ከሌላውም ገጠር በፈረስ የሚመጣ ሰው ፈረሱን እየጎተተ ገበያ መሐል አይገባም፤ ዳር ላይ ለጠባቂ ይሰጣል። ጠባቂው አያ ገሠሠ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ይሁኔ ከእሳቸው ጋር ነው ያደገው ማለት ይቻላል። እኔም ትንሽ ሳለሁ አይቻቸዋለሁ። በአዊኛ ነበር የሚያወሩት፤ ከፈረሱም ከባለቤቱም ጋር።

አያ ገሠሠ ፈረስ ሲረከቡ ከባለቤቱ ጋር አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ጀርባውን ይዳብሳሉ፣ እግሩን እያነሱ ያያሉ። ኮርቻ የላጠው ቦታ ካለ «ይኼን ከቤቱ ይዞት መጣ» ብለው ለባለቤቱ ያሳያሉ። ሰውየው ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ እንደገና አብረው ይዞራሉ። ገንዘብ የሚቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሊሰጣቸው የሚሞክር ካለ ይቆጣሉ። ለለቅሶ ከመጣ ሰው ግን ምንም አይቀበሉም።

«ፈረስህን መለስኩልህ?»

«ኧረ ገና ነው አያ።»

«ታዲያ የምን ክፍያ ነው? ዕቃ ሸጥኩልህ?»

ይሁኔ ይህን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «ሰው ንብረቱን ጥሎ ሲሄድ ልቡ ከኋላ ይቀራል። ስትመልስለት ልቡንም አብረህ መልስለት» አለኝ። ይህን ያለው አያ ገሠሠ ይሁኑ ወይ እሱ ራሱ አላውቅም።

ቀጥሎ ዳንግላ ሄደ። መናኸሪያው አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ተቀጠረ። እኔም ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወደ እሱ ሄድኩ። አለቃችን ጋሽ ሙላት ይባሉ ነበር፤ ፉጨት የማይለያቸው፣ ጥሩ ሰው፣ ግን ችኩል። የእሳቸው ደንብ አጭር ነው፤ መኪና ሲገባ ትኬት ይቆረጣል፣ ይከፈላል፣ አለቀ። ይሁኔ ትኬቱን እንደታዘዘው ይቆርጣል። መዞሩን ግን አልተወም።

አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር ከእሱ ጋር ተጣላ።

«ምን ታዞረኛለህ? የሆነ ነገር ልታላክክብኝ ነው?»

«ይኼ ጭረት ከአንተ ጋር የመጣ ነው፤ እንዳትረሳው ብዬ ነው።»

«ጭረቴን እኔ ልረሳው?»

«ስትመለስ እኔ ያደረግኩት እንዳይመስልህ።»

«የተጠራጠርኩህ እኮ አሁን ስታዞረኝ ነው!»

ጋሽ ሙላት ከወዲያ «ይሁኔ! መኪና መዳበሱን ተውና ትኬት ቁረጥ!» ብለው ያፏጫሉ። እኛም እንስቃለን። ግን ጋሽ ሙላት የራሳቸውን ሞተር ሳይክል ትተው መሄድ ሲፈልጉ ቁልፉን የሚሰጡት ለይሁኔ ነበር። ሌላ ሰው ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ያላዩ ይመስላሉ።

ይሁኔ እኔን ሥራ ያስተማረኝ እዚያ ነው። ብዙ አይናገርም። መጀመሪያ መዳፉን መኪናው ላይ ያደርጋል፤ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ ልክ የፈረስ አንገት ላይ እንደሚደረገው። ከዚያ ነው ሰውየውን ሰላም የሚለው። «ጋሼ፣ ለምን ሰውየውን አታስቀድምም?» ስለው «ሰውየው አፍ አለው» ይለኛል። ከፊት በግራ በኩል ይጀምርና በቀስታ ይዞራል። ጎማ ላይ ጎንበስ ይላል። መስታወት ላይ ይቆማል። በጣቱ አይጠቁምም፤ በመዳፉ ነው የሚያሳየው። በጣት ካሳየኸው ክስ ይመስላል ይላል።

በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሲመጣ ወይዘሮ ፋንታነሽ ይህን ግቢ አጥረው ማሽኑን አስተከሉ። የተወለዱት እንጅባራ ነው። ለግቢው ሰው ሲፈልጉ ጋሽ ሙላት ይሁኔን ነገሯቸው። «ዳባሹን ውሰዱት፤ ይናፍቀኛል ግን ውሰዱት» አሏቸው አሉ። እኔም ተከትዬው መጣሁ።

ሥራውን ምኑንም አናውቀውም ነበር። የገመዱ አፍ ከአንዱ መኪና ይገጥማል፣ ከሌላው አይገጥምም፤ ማገናኛ ያስፈልገዋል። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ማሽኑ ቀስ ይላል፤ መጨረሻ ላይ በጣም ይዘገያል። ስለዚህ የሚቸኩለውን ሰው «እስኪሞላ አትጠብቅ፤ እዚህ ላይ ብትነሣ ይበቃሃል» ማለት አለብህ። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ለባትሪ አይመችም። ያደረ መኪና ጠዋት ቶሎ አይቀበልም፤ ከመንገድ የመጣ ግን ወዲያው ይጠጣል። ይሁኔ መዳፉን አድርጎ «ይኼ ሞቋል፤ ቶሎ ይበላል» ወይም «ይኼ በርዶታል፤ ቁርስህን ብላና ና» ይላል። ሾፌሮች ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን ቁርሳቸውን በልተው ይመጡ ጀመር።

በተከፈተ ሰሞን አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን አምጥተው ማሽኑ ላይ አሰሩት። ማሽኑ ዓምድ ስለሚመስል ለማሰሪያ ይመቻል።

«አባቴ፣ ይኼ የመኪና ነው» አላቸው ይሁኔ።

«መኪና ከፈረስ በምን ይበልጣል? እኔም የመጣሁት ከሩቅ ነው።»

«ማሽኑ የሚሰጠው መብራት ነው፤ ለፈረስ አይሆንም።»

«ታዲያ ፈረሱ ሞክሮት ያውቃል?»

ይሁኔ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፈረሱን ፈታና አጥሩ ጋ አሰረላቸው። አዛውንቱን ይዞ ፈረሱን ዞረው፤ ጀርባውን፣ እግሩን። ሲመለሱም ዞሩት። ያን ቀን ይሁኔ ሲያፏጭ ዋለ።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ።

በዚያን ጊዜ ማሽኑ የሚሠራው አስቀድሞ በስልክ ሲከፈል ብቻ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከእህቱ ጋር ከአዲስ አበባ በኩል መጣ። እናታቸው ከዳንግላ ወዲያ ባለ ገጠር በጠና ታመው ስልክ ተደውሎላቸው ነው። ባትሪው አልቋል፤ ዳንግላ አያደርሳቸውም። ኔትወርክ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ሰውየው ገንዘቡን በእጁ ይዟል። «ይኸው፣ ሁሉንም ውሰድ» ይላል። ማሽኑ ግን የሰው እጅ አያይም። ክፍያው በስልክ ካልገባለት የማሳያ መስኮቱ ላይ አንድ ጽሑፍ እያወጣ ዝም ይላል። ይሁኔ ስልኩን ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ሮጠ። ተመለሰ። እንደገና ሮጠ። እህትየዋ መኪናው ውስጥ ሆና መስታወቱን በእጇ ትመታ ነበር፤ ማንንም ለመጥራት አይደለም፤ እንዲሁ ትመታለች። በዝናቡ ምክንያት ሚኒባስ አልነበረም። በመጨረሻ ይሁኔ አስፋልቱ መሐል ቆሞ የጭነት መኪና አስቁሞ አሳፈራቸው።

አልደረሱም። እናትየው ቀድመው አርፈዋል።

ሰውየው ከቀብር በኋላ ሲመጣ ኔትወርክ ተመልሶ ነበር፤ ከፍሎ፣ አስሞልቶ መኪናውን ሊወስድ ሲል ይሁኔ እንደ ወትሮው መዳፉን መኪናው ላይ አድርጎ «እስቲ አብረን እንዙረው» አለው። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም።

«ምን እንዳይ ነው?» አለ። አልጮኸም። «መኪናዬ ደህና ነው። ደህና አድርጋችሁ ነው የጠበቃችሁት። ምን ያደርግልኛል?»

ይሁኔ መዳፉን ሳያነሣ ቆሞ ቀረ። ሰውየው ከሄደ በኋላም እጁ እዚያው አየር ላይ የቀረ ይመስል ነበር። ቤት ስንገባ ምግብ አልበላም። «ዕቃውን ጠብቄ ሰውየውን ጣልኩት» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነገርኩት። «የማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ለወይዘሮ ፋንታነሽ ደውሎ ለመናቸው። ለማሽኑ የግቢው ካርድ የሚባል አለ፤ ማሽኑን ሲያስነኩት ኔትወርክ ባይኖርም መብራት ይለቃል። ያንን ስጡኝ አላቸው። ብዙ አመነቱ፤ በመጨረሻ ላኩለት። ከዚያ ወዲህ ነው ለመብራቱም እንደ ማቆሚያው በመጨረሻ የምናስከፍለው። የሚበጀውም ለዚህ ብቻ አልነበረም። እኛ አገር መብራት በመሐል ይጠፋል። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ያልተሞላለትን ገንዘብ ለማስመለስ ሲደውል ይከርማል። በእኛ አሠራር ግን ሰው የሚከፍለው ለወሰደው ብቻ ነው።

ወይዘሮ ፋንታነሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ከባሕር ዳር ሆነው የሚያዩት ማሽኑ የሚልክላቸውን ብቻ ነው። ማሽኑ የሰጠው መብራትና የገባው ሒሳብ በዕለቱ አይገናኝላቸውም፤ ይጨነቃሉ። የሚወርደውና የሚነሣው በር የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ይሁኔም ይህን ያውቅ ነበር። «በስልክ አይገባቸውም፤ ፊታቸው ቆሜ ልንገራቸው» ያለው ለዚህ ነው።

ዓርብ ጠዋት በጭጋግ ወጣ። ካርዱን ለእኔ ሰጠኝ። ዳንግላ ሳይደርስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። የነገረኝ ደንበኛችን የሆነ ሾፌር ነው። ግቢው ገብቶ ወረደ፤ ትከሻዬን ያዘኝ።

ቅዳሜ ተቀበረ። ሾፌሮች መጡ፤ ጋሽ ሙላት መጡ፤ ሳያፏጩ ነበር የዋሉት። አያ ገሠሠ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ግን በፈረስ መጡ። ወይዘሮ ፋንታነሽም ጥቁር ለብሰው ከባሕር ዳር መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ከተቀመጡ በኋላ አጠገቤ ጎንበስ አሉና በጆሮዬ «ልጄ፣ የመኪናዬ ባትሪ ባዶ ሆኗል። ግቢው አቁሜዋለሁ። ለማን ልንገር?» አሉኝ። ማፈራቸው ድምፃቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

«ጠዋት እመጣለሁ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ልወጣ ስል አክስቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ግቢው።»

«ሠልስቱ እንኳ ሳይደርስ ሥራ? ሰው ምን ይላል?»

«መንገደኛ አለ አክስቴ። መኪናው ባዶ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ ደረበችልኝ። «ይበርዳል» አለች።

ወይዘሮ ፋንታነሽ ቀድመውኝ መጥተው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ስልካቸውን አውጥተው «አስቀድሜ ልክፈልህ» አሉኝ።

«ይቆይ» አልኩና ካርዱን አስነካሁ። መኪናው አድሮ በርዶታል፤ ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። ገና ብዙም ሳይሄድ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ጨለመ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው።

«ሊነግረኝ የተነሣው ምን ነበር?» አሉኝ።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ንግግር ነው። በቃሌ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አንድም አልመጣልኝም።

«እመቤቴ… ማለቴ… ያ ሰውዬ፣ እናቱ የሞቱበት…»

«እሱን ያኔም ነግሮኛል። ካርዱን የሰጠሁት ለዚያ ነው።»

«መብራቱ ደግሞ… አሁን እንደጠፋው…»

«አየሁት» አሉ።

በአክስቴ ጋቢ ፊቴን ሸፈንኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በአጥሩ ወዲያ ያልፍ ነበር። አንዳንዱ ያየንና ቆም ብሎ «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ ይነሣሉ።

መብራቱ መጣ። እንደገና አስነካሁ፤ ቀጠለ። ባሕር ዳር የሚያደርሳቸው ያህል ሲሞላ ገመዱን ነቀልኩ፣ አፉን ጠረግሁ፣ ቦታው ሰቀልኩ። ከዚያ ካርዱን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

«ነገ ሰኞ ነው» አልኳቸው።

ካርዱን አዩት። አልተቀበሉኝም።

«ወንድምህ ሰው ሲሸኝ እንዲህ ነበር?» አሉ። «መኪናዬን ሳያሳየኝ?»

ረስቼው ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስሠራ ስረሳው የመጀመሪያዬ ነው።

ከፊት በግራ በኩል ጀመርን። ጎማው ላይ የመቃብር ቦታው ጭቃ ደርቆበታል፤ ሣርም ተጣብቋል። መስታወቱን አሳየኋቸው፣ ደህና ነው። ከኋላ በሩ ሥር አሮጌ ጭረት አለ። መዳፌን አደረግኩበትና «ይኼ… ሲመጣም የነበረ ነው» ልል ስል ድምፄ ተቆረጠ። ወይዘሮ ፋንታነሽ አላቻኮሉኝም። እጃቸውን መኪናው ጣሪያ ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሲመጣም የነበረ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ።

ዙሩን ጨረስን።

«አሁን ስንት ልክፈል?»

«የመብራቱን ብቻ። የማቆሚያውን አልቀበልም። ለለቅሶ የመጣ ፈረስ አይከፈልበትም።»

የምን ፈረስ ነው ብለው አልጠየቁኝም። የመብራቱን ከፈሉ፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ ገባ። ስመውኝ፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ቀስ ብለው ወጡ። ካርዱ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ ሰኞም በሩ አልተተከለም።

እሳቸው ሲወጡ አንድ መኪና ከአስፋልቱ ታጠፈ። ሾፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ የተሸፈነውን ራሴን አየ።

«ዝግ ነው እንዴ ወንድሜ?» አለኝ።

«ክፍት ነው፤ ግባ» አልኩትና መዳፌን መኪናው ላይ አደረግኩ።